የእርግዝና ክትትል ሲጀመር የእናቶችን ሞት ቀንሷልን?

ጥያቄው፦ «የአዋላጅነት ሙያ ተማሪ ነኝ። ለክፍል ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ‹በ1915 በኤድንብራ የተከፈተው የመጀመሪያው የነፍሰ ጡሮች ክሊኒክ የብሪታንያን እናቶች ከሞት ታደገ› ብዬ ነበር። መምህሬ ‹ማስረጃሽ የታለ?› ብለው መለሱልኝ። ስፈልግ የእናቶች ሞት ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ምንም እንዳልቀነሰ አገኘሁ። ታዲያ ያ ሁሉ ክትትል ከንቱ ነበር ማለት ነው? የምጠይቀው ለጽሑፉ ብቻ አይደለም። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ታናሽ እህቴ አንድ ጊዜ ታይታ ‹ደህና ነሽ ተብያለሁ፤ እናታችንም ሰባታችንን ያለ ካርድ ነው የወለደችን› ብላ መሄድ ትታለች።»

መልስ፦ መምህርዎ ልክ ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩን ይሰርዙት። በምትኩ «ከንቱ ነበር» ብለው እንዳይጽፉ ግን፤ እሱም ስሕተት ነው። ክትትሉ የተቋቋመበትን ሥራ በመጠኑ ሠርቷል። ያልሠራው እኛ በኋላ ያሸከምነውን ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል ያውጡት። ፓሪስ ውስጥ አዶልፍ ፒናር የነፍሰ ጡርን ሆድ በእጅ እየዳበሱ የፅንሱን አቀማመጥ የማወቅን ዘዴ በ1870ዎቹ መጨረሻ ያስተምር ነበር። ዛሬም በየጤና ጣቢያው መሳቢያ ውስጥ የምትገኘው ቀንድ መሳይ የፅንስ ልብ ማዳመጫ የእርሱ ናት። ይኸው ሰው በ1895 እስከ ምጧ ቀን ስትሠራ የቆየች ሴት ከምትወልደው ይልቅ በመጠለያ ያረፈችው የምትወልደው ሕፃን በአማካይ ከ250 ግራም በላይ እንደሚከብድ አሳወቀ። ቦስተን ውስጥ ከ1901 ጀምሮ ነርሶች አንዳንድ ነፍሰ ጡሮችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ያዩ ነበር። በ1909 ኤልዛቤት ሎውል ፑትናም የተባለች፣ ሐኪምም ነርስም ያልሆነች ሴት ነገሩን በሥርዓት አደራጅታ ነርሶቹ በየአሥር ቀኑ ገደማ እንዲመላለሱ አደረገች። በአውስትራሊያም ክሊኒኩ ከኤድንብራ ቀድሞ ተከፍቷል። የኤድንብራው ጆን ዊልያም ባላንታይን «ለነፍሰ ጡሮች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ያስፈልጋል» ብሎ የጻፈው በ1901 ነው። በዚያው ዓመት በከተማዋ የወሊድ ሆስፒታል ለዚህ የተመደበለት አንድ አልጋ ነበር። አንድ! እየተመላለሱ የሚታዩበት ክሊኒክ የመጣው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይከፋል። ጽሑፍዎ ክሊኒኩ እናቶችን ከሞት ለማዳን የተከፈተ ያስመስለዋል። ባላንታይን ዕድሜውን የሰጠው ለፅንስ ሕመሞችና ለአፈጣጠር ጉድለቶች ጥናት ነው፤ ወደ እናትየዋ የደረሰው በፅንሱ በኩል ነው። የመንግሥት ሐሳብ ደግሞ ሌላ ነበር። ብሪታንያ ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ ከቦር ሰፋሪዎች ጋር ስትዋጋ ለውትድርና ከቀረቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ለአካል ብቃት ሳይበቁ ቀሩ። በ1904 አንድ ኮሚቴ «ሕዝባችን እየደከመ ነውን?» የሚለውን መርምሮ ሪፖርት አቀረበ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ የልደት ማሳወቂያው ሕግ፣ የጤና ጎብኚዎቹ፣ የመንግሥት ድጎማው፣ በ1918 የወጣው የእናቶችና የሕፃናት ደኅንነት ሕግ፣ ዋና ዓላማው የሕፃናትን ሞት መቀነስ ነበር። እናትየዋ በዚያ ስሌት ውስጥ የገባችው እንደ ማሳ ነው፤ የሚጠበቀው ምርቱ ነውና።

አሁን ወደ ክሊኒኩ ውስጥ እንግባ። በዚያ ዘመን ሐኪሙ በእጁ ምን ነበረው? የሆድ ዳሰሳ፣ የዳሌ መለኪያ፣ የልብ ማዳመጫ ቀንድና የሽንት ምርመራ። የደም ግፊት መለኪያው በ1896 የተሠራ፣ በጆሮ እያዳመጡ ሁለቱንም ቁጥር የማንበቡ ዘዴም በ1905 የታወቀ ቢሆንም ነፍሰ ጡርን ሁሉ መለካት የተለመደው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ትልቁ መሣሪያ ሽንት ነበር። በ1843 ጆን ሌቨር የተባለ የሎንዶን ሐኪም፣ በእርግዝና ጊዜ መንዘፍዘፍ የሚይዛቸው ሴቶች ሽንት ውስጥ ፕሮቲን እንዳለ አይቷል።

አሠራሩን ላሳይዎት። ቀጭን የመስታወት ቱቦ ሁለት ሦስተኛው ድረስ በሽንት ይሞላል። ግርጌውን ይዘው የላይኛውን ክፍል ብቻ በአልኮል መብራት ላይ እያዘዋወሩ ያፈላሉ። ታችኛው ሳይነካ ይቆያል፤ ማነጻጸሪያዎ እሱ ነው። ላይኛው ከደመነ አትደንግጡ፤ ጥቂት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ይጨመርበታል። ደመናው ከጠፋ ፎስፌት የተባለ የሽንት ጨው ነው፤ ምንም አይደለም። እንደ እንቁላል ነጭ ረግቶ ከቀረ ግን ፕሮቲን ነው፤ ሴትየዋ ወደ ቤቷ አትመለስም። እኔ ወጣት ሳለሁ በሠራሁበት ገጠር መመርመሪያ ወረቀቱ ባለቀ ቁጥር ወደዚህ እንመለስ ነበር። የሚፈላ ሽንት ሽታው ደስ አይልም፤ ነገር ግን የማይዋሽ ምርመራ ነው።

እንግዲህ ፕሮቲኑ ተገኘ እንበል። ከዚያስ? የታሪኩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ሕክምናው አልጋ ላይ መተኛት፣ ወተት ብቻ መጠጣትና የሆድ ማጽጃ ነበር። ማግኒዝየም ሰልፌት መንዘፍዘፉን ከሌሎች መድኃኒቶች በተሻለ እንደሚከላከል በትልቅ ንጽጽራዊ ጥናት የተረጋገጠው በ1995 ነው። በሪኬትስ (በልጅነት አጥንትን በሚያልፈሰፍስ በሽታ) የጠበበ ዳሌ ሲገኝም የቀዶ ሕክምናው አደጋ ከባድ ነበር፤ ደም በቀላሉ የሚተካበት ዘመን አልነበረም። ከአስተማማኙ ሕክምና ጋር የተገናኘው አንድ ግኝት የቂጥኝ ነው። የደም ምርመራው በ1906፣ ሳልቫርሳን የተባለው መድኃኒት በ1910 ስለመጡ፣ በሽታው ያለባት እናት ቀድማ ከታከመች ልጇ ሞቶ ወይም በሽታውን ይዞ ከመወለድ ይድን ነበር። ክትትሉ ያለ ጥርጥር ጠቅሟል የሚባልበትን ቦታ ከፈለጉ ይህንን ይጻፉ።

የእናቶች ሞት ያልቀነሰበት ምክንያት ከዚህ በኋላ ግልጽ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ1900 እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከ1,000 ወሊድ ከ4 እስከ 5 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ መስመሩ ጠፍጣፋ ነው። ትልቁን ድርሻ የያዘው የአራስ ትኩሳት ነው፤ በምጥ ጊዜ በአዋላጁ ወይም በሐኪሙ እጅና መሣሪያ በሚገባ ጀርም የሚመጣ። በሰባተኛው ወር ሆዷን ዳብሰው «ሁሉም መልካም ነው» ያሏት ሴት በዘጠነኛው ወር ባልታጠበ እጅ ስትወልድ ያ ምርመራ ምን ያደርግላታል? ቀጥሎ የሚመጣው የደም መፍሰስም አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው አስቀድሞ ምንም ምልክት ባልታየባት ሴት ላይ ነው።

ይህን የሚያጸናልኝ ስዊድን ናት። በዚያው ዘመን እዚያ ከ1,000 ወሊድ የሚሞቱት 2 ወይም 3 እናቶች ነበሩ፤ ከእንግሊዝ ግማሽ ገደማ። ስዊድን ድሃ አገር ነበረች፤ አብዛኛው ሰው የሚወልደውም በየገጠር ቤቱ ነው። ልዩነቱን ያመጡት በየወረዳው የተመደቡ፣ በደንብ የሠለጠኑና ከ1881 ጀምሮ በጀርም መከላከያ ፈሳሽ እንዲታጠቡ በመመሪያ የታዘዙ አዋላጆች ናቸው። በአሜሪካ በተቃራኒው ከ1,000 ወሊድ ከ6 በላይ እናቶች ይሞቱ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ብዙዎች የማያምኑት ነገር ታይቷል፦ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሀብታሞቹ ሚስቶች ሞት ከድሆቹ በጥቂቱ ይበልጥ ነበር። ገንዘብ ያላት የምትጠራው ሐኪም ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ምጡ ሳይገፋ ፎርሴፕስ (የሕፃኑን ራስ ይዞ የሚስብ መሣሪያ) ለማንሣት ይቸኩላል። ድሃዋ ያላት አዋላጅ ብቻ ናት፤ አዋላጇም ትጠብቃለች።

መስመሩ የተሰበረው ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነው። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ዶማክ ፕሮንቶሲል የተባለውን ጀርምን የሚያጠቃ መድኃኒት ጥቅም በ1935 አሳተመ፤ በማግስቱ ዓመት ሌናርድ ኮልብሩክ ሎንዶን በሚገኘው በንግሥት ሻርሎት ሆስፒታል በአራስ ትኩሳት በታመሙ እናቶች ላይ ሞከረው። ቀድሞ ከአምስት ታማሚዎች አንዷ ገደማ በምትሞትበት ክፍል ሟቾቹ ከሃያ ታማሚዎች ከአንዷ በታች ሆኑ። ከዚያ ፔኒሲሊን፣ የደም ባንክና የተሻለ የቀዶ ሕክምና ተከተሉ። ያን ጊዜ ክትትሉም አዲስ ጉልበት አገኘ፤ ያየውን የሚረከበው እጅ መጣለትና።

አንድ ሌላ ነገር መምህርዎ ሳይቀድሙኝ ልናገር። «ሴቶቹ ባለማወቃቸው አልመጡም» የሚል መጽሐፍ ያጋጥምዎታል፤ አይመኑት። ድሃዋ ሴት ሦስት ልጆችን ለማን ትታ ትሂድ? የቀን ደሞዟን ማን ይከፍላታል? ክሊኒኩ ውስጥ የሚያያት ሐኪምና በምጧ ቀን የምትጠራት አዋላጅ ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም፤ የአንዱ ወረቀት ለሌላው አይደርስም። አዋላጇ ሐኪም ብትጠራ ሒሳቡን ማን ይከፍላል የሚለው እንኳ በእንግሊዝ በሕግ እልባት ያገኘው በ1918 ነው። በ1911 የወጣው የመድን ሕግ ለወላድ 30 ሽልንግ ፈቀደ፤ ገንዘቡ የእናትየዋ የራሷ ንብረት እንዲሆን ግን የሠራተኛ ሴቶች ማኅበር እስከ 1913 መታገል ነበረበት፤ አለበለዚያ በባል እጅ በኩል ያልፋል፤ የባል እጅ ደግሞ አንዳንዴ መንገድ ላይ መጠጥ ቤት ያገኛል። እነዚያ ሴቶች ዕውቀት አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ዕረፍት፣ ምግብና የትራንስፖርት ገንዘብ ነው።

ስንት ጊዜ መታየት ይገባል የሚለውም ከዚያው ዘመን የተወረሰ ነው። የብሪታንያ ጤና ሚኒስቴር በ1929 ያወጣው መመሪያ በ16ኛው፣ በ24ኛውና በ28ኛው ሳምንት፣ ከዚያ እስከ 36ኛው በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ይላል። ይህ ሰሌዳ በጥናት የተፈተነ አልነበረም፤ ነገር ግን ዓለም ለሰባ ዓመት እንደ ቅዱስ ቃል ተከተለው። በ2001 በአርጀንቲና፣ በኩባ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በታይላንድ የተካሄደው ትልቅ ጥናት አራት ጊዜ ብቻ ቢሆንም ይበቃል አለ፤ በኋላ ውጤቱ እንደገና ሲታይ አራት ጊዜ በታዩት እናቶች ቡድን በወሊድ አካባቢ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከፍ ብሎ ስለተገኘ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ቁጥሩን ወደ ስምንት አሳደገው። ስለዚህ አንድ ሰው «አራት ይበቃል» ቢልዎት የቆየ ትምህርት ይዞ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስልዎት። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የእናቶች ሞት ከ100,000 ወሊድ 412 ተብሎ ተገምቷል። ቁጥሩን ወደ ሺህ ይመልሱት፤ የ1920ዎቹ እንግሊዝ ነው። በዚያው ጥናት ከወላዶች 62 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ ታይተዋል፤ በጤና ተቋም የወለዱት ግን 26 በመቶ ናቸው። በ2019 ቁጥሮቹ 74 እና 48 ሆነዋል። መሻሻሉ ትልቅ ነው። ነገር ግን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ክፍተት ደጋግመው ይመልከቱት፤ ካርድ አውጥተው ምጣቸውን ቤት ያሳለፉ ሴቶች ናቸው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ሎንዶን ውስጥ በነርስነት ሠልጥነው ነበር። በ1942 ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ነርስ! ዕውቀቱ ከእሳቸው ጋር ነበር፤ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ሌላ ነው።

ወደ እህትዎ እንምጣ። «እናታችን ሰባታችንን ወልዳለች» የሚለው ክርክር አንድ ጉድለት አለው፤ በወሊድ ያለፉት ሴቶች ልጆች ቁጭ ብለው ሊመሰክሩ አይችሉም። አያቶቻችን ነፍሰ ጡርን «አንድ እግሯ መቃብር ውስጥ ነው» የሚሉት ስላዩ ነው። «ደህና ነሽ» የተባለችውም ለዚያች ቀን ብቻ ነው። የደም ግፊትና የፕሮቲን ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአምስተኛው ወር በኋላ፣ ይልቁንም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው፤ እሷ መሄድ ያቆመችው በትክክል ምርመራው ሥራ በሚጀምርበት ሰዓት ነው።

ምክሬ አጭር ነው፤ በዚህ ሳምንት ትሂድ። ደም ግፊቷና ሽንቷ በሄደች ቁጥር ይታይ፤ ሳይለኩ ከሸኟት ትጠይቅ። የደም ዓይነቷ፣ የደም ማነሷ፣ የቂጥኝና የኤች አይ ቪ ምርመራዋ ካልተሠራ አሁን ይሠራ፤ የአልትራሳውንድ ምርመራውም ከ24ኛው ሳምንት በፊት ቢሆን የእርግዝናውን ዕድሜ በትክክል ይነግራል። አልትራሳውንድ ግን የደም ግፊትን አይተካም፤ በግል ክሊኒክ የልጁን ፆታ ካወቁ በኋላ «ታይቻለሁ» ብለው የሚቀመጡ ብዙ ሴቶች አሉና ይህን አስረግጠው ይንገሯት። አይረኑንም (ለደም ማነስ የሚሰጠውን የብረት ክኒን) ሆዷን ቢያደርቃት እንኳ በራሷ እንዳታቋርጥ፤ ለአዋላጇ ትናገር።

ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ከእንብርት በላይ የሚሰማ ሕመም፣ ደም ወይም ውኃ መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ሌሊትም ቢሆን ይሄዳል። እግር ብቻ ማበጡ በብዙ ሴቶች ላይ የሚታይ ነው፤ ፊት ሲያብጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ክትትሉ የማይሰጣትን ደግሞ እናንተ ቤተሰቦቿ ስጧት። የት እንደምትወልድ፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ቅርብ ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ፣ በሌሊት የሚመጣ መኪና የማን እንደሆነ፣ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚሰጥ አሁን ይወሰን። ትላልቆቹን ልጆች የሚጠብቅ ሰው ካስፈለገም እርስዎ ይሁኑ። ስትሄድ ካርዷን አትርሳ፤ በመጀመሪያው ቀን የተጻፈው የደም ግፊት ቁጥር ለሚቀጥሉት ሁሉ ማነጻጸሪያ ነው።